ለአንድ ቀን የተጠበቀ ጥርስ

ሰፈሩ ሁሉ ጡሩምባው ነው የሚለው። እናቱ ያወጣችለት ስም ከጡረታ መታወቂያው ላይ ካልሆነ የትም አይገኝም፤ ነፍሷን ይማርና ሚስቱ እንኳ ስትቆጣው "አንተ ጡሩምባ" ነበር የምትለው። ወሬኛ ስለሆነ እንዳይመስላችሁ። ወሬ ሊነዛ ቀርቶ የሰማውንም ይረሳል። ጢም ሳያበቅል ገብቶ ፀጉሩ እስኪሸብት ድረስ በከተማው የማርሽ ባንድ ውስጥ ትራምፔት ሲነፋ የኖረ ሰው ስለሆነ ነው።

ሰው ትራምፔት በሳንባ ብቻ የሚነፋ ይመስለዋል። ተሳስቷል። ሳንባማ ሁሉም አለው። ትራምፔት የሚነፋው በፊት ጥርስ ነው። የመሣሪያው አፍ ከንፈር ላይ ያርፋል፣ ከንፈሩ ደግሞ ጥርስ ላይ፤ ጥርሱ ካልጸና ከንፈሩ ይሸሻል፣ ከንፈሩ ከሸሸ ድምፁ ይሰነጠቃል። ስለዚህ የባንዱ አሠልጣኝ አዲስ ገቢዎችን ግቢው ውስጥ አሰልፎ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያየው ጥርሳቸውን ነበር። አህያ እንደሚገዛ ነጋዴ ከንፈራቸውን በአውራ ጣቱ ገለጥ እያደረገ ያልፋል። ቀጥ ያለውን "ትራምፔት" ይላል፤ ወጣ ወጣ ያለውን "ክላርኔት" ይላል። ክርክር የለም፣ ይግባኝ የለም።

ከጡሩምባው ቀጥሎ የቆመው ልጅ የፊት ጥርሱ ከደረጃ ወድቆ የተሸረፈ ነበር። አሠልጣኙ አንድ ጊዜ አየት አደረገውና "አንተ ከበሮ" ብሎት አለፈ። ልጁ እኮ የመጣው ትራምፔት ሊነፋ ነው። ያን ቀን ትልቁን ከበሮ በንዴት ሲደበድበው የልምምድ ክፍሉ መስኮት ተርገፈገፈ፤ ከዚያ ወዲህ ነጎድጓድ ሆኖ ቀረ። ጡሩምባው ለምሳ ሲወጡ ትራምፔቱን አውጥቶ "እስቲ ሞክረው" አለው። በተሸረፈው በኩል አየሩ ፉስ እያለ ሲወጣ ሁለቱም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ጓደኝነታቸው የተጀመረው እንዲህ ነው።

ምላስና ጥርስ እንኳ ይጋጫል፣ እነሱም ተኳርፈዋል። ነጎድጓድ አፉ አያርፍም። ከእያንዳንዱ ሰልፍ በኋላ ላቡን ሳይጠርግ "ቸኩለሃል" ይለዋል። ጡሩምባው ደግሞ "አንተ ነህ የተኛኸው" ይላል። ሚስቶቻቸው ይህን ሰምተው ሰምተው ሰልችቷቸው ነበር። ጡሩምባው ሚስቱን በቀበረ ጊዜ ግን፣ አንዲት ቃል ሳይናገር ሳምንት ሙሉ አጠገቡ የተቀመጠው ያው አፉ የማያርፈው ሰው ነው።

ባንዱ የራሱ ወግ ነበረው። አንድ የባንዱ ሰው ሲሞት መቃብሩ አፋፍ ላይ የስንብት ጥሪ ይነፋለታል፤ የሚነፋለትም አብሮት የተሰለፈ እኩያው እንጂ ሌላ አይደለም። አጭር ዜማ ናት፣ አራት ስንኝ ያላት፤ በእያንዳንዱ ስንኝ መጨረሻ ትልቁ ከበሮ አንድ ጊዜ ይመታል። ሁለቱም ጡረታ ከወጡ በኋላ ከክላርኔቶቹ አንዱ ሞተ። ያን ቀን ጡሩምባው በስኳር በሽታ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። አዲሶቹ አለቆች ነፊ መፈለጉ ቢያሰለቻቸው ጥሪውን በድምፅ ማጉያ ሳጥን አሰሙ፤ የተቀዳው ነገር መሐል ላይ ተያዘና አንዷን ድምፅ ደጋግሞ ደጋግሞ ጮኸ። ከቀባሪው ውስጥ የሳቀ አለ። ነጎድጓድ ከቀብሩ በቀጥታ ሆስፒታል መጥቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና፣ "ለእኔ በሳጥን እንዳታስነፉልኝ። አንተ ነህ የምትነፋልኝ። ማል" አለው። ማለ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ጡሩምባው ደግሞ ቃሉን የሚበላ ሰው አልነበረም።

እንግዲህ ጣጣው የመጣው ከዚህ ነው።

ድዱ መድማት ከጀመረ ቆይቷል። ዳቦ ሲገምጥ ዳቦው ላይ ቀይ ይቀራል፤ እሱም ገልብጦ ይበላዋል። ከፊት ያሉት ሁለቱ የላይ ጥርሶች በምላሱ ሲነካቸው ይሄዱና ይመለሳሉ። አብራው የምትኖረው ልጁ፣ ፖስታ ቤት የምትሠራዋ፣ "አባዬ፣ አፍህ ይሸታል፣ እባክህ እንሂድ" ስትለው "ዕድሜ ነው፤ አንቺም ትደርሺበታለሽ" ይላታል። የእሱ ዘመን ሰው ሁሉ እንዲህ ነው። ፀጉር ይሸብታል፣ ጉልበት ይከዳል፣ ጥርስ ይረግፋል፤ ለዚህ ሐኪም ቤት የሚሄድ ማን ነው?

ሐኪም ቤት የሄደው የነጎድጓድ ልብ ሲደክም ነው። እግሩ አብጦ፣ ትንፋሹ አጥሮ፣ አልጋ ላይ ዋለ። ሐኪሞቹ ለሚስቱ "ቤት ወስደሽ አስታሚው" አሏት፤ ይህ ምን ማለት እንደሆነ የማይገባው የለም። ጡሩምባው ያን ቀን ትራምፔቱን ከሳጥኑ አወጣ። መጀመሪያ የነፋት ድምፅ ስንጥቅጥቅ ብላ ወጣች፤ አፉ ውስጥ ደም ደም አለው። በማግስቱ ጠዋት ለልጁ ሳይነግር የጥርስ ክሊኒክ ሄደ።

የጥርስ ሐኪሟ ወጣት ናት፤ የልጁ ልጅ ብትሆን ያምራል። ወንበሩን ወደ ኋላ አስተኛችውና በቀጭን መርፌ መሳይ ነገር ድዱን ዙሪያውን እየለካች ሄደች። ፎቶም አነሳችው። ከዚያ ወንበሩን መልሳ አስቀመጠችው፤ ፊቷ ጥሩ ነገር አልያዘም።

"አባባ፣ ስኳር አለብዎት አይደል?"

"አለብኝ።"

"ጥርስዎን የጣለው ዕድሜ አይደለም። ዕድሜ ጥርስ አይነቅልም። ድድዎ ታሟል፤ ጥርሱን የያዘው አጥንት ተበልቷል። ስኳሩ ድዱን ያባብሳል፣ የድዱ መግል ደግሞ ስኳሩን ያንረዋል። አንዱ ሌላውን ይቀልበዋል። ቀድመው ቢመጡ አጥበን፣ ጠርገን እናቆየው ነበር። አሁን የፊቶቹ መውጣት አለባቸው፤ አንደኛው ሥሩ መግል ይዟል።"

"ሲወጡ በሰው ሠራሽ ይተካሉ?"

"ድዱ ሲድን ልክ እንወስድና እንሠራልዎታለን። ደህና አድርገው ይበሉበታል።"

"ትራምፔት እነፋበታለሁ?"

 "እውነቱን ልንገርዎት? በዚህ ዕድሜ፣ በዚህ አጥንት፣ አይመስለኝም።"

"እንግዲያስ ጥቂት ያቆዩልኝ። ለአንድ ቀን ብቻ ነው የምፈልጋቸው።"

"ለየትኛው ቀን?"

"አይታወቅም።"

"ሠርግ ነው?"

"ቀብር።"

"ውይ፣ ነፍስ ይማር። የማን?"

"የጓደኛዬ።"

"መቼ ነው ያረፉት?"

"አልሞተም" አላት።

ሐኪሟ የያዘችውን መሣሪያ ሳህኑ ላይ አስቀመጠች።  በመጨረሻ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ መግሉ ከደም ጋር ከተቀላቀለ ልብ ድረስ እንደሚሄድ፣ ስኳር ላለበት አዛውንት ይህ ቀልድ እንዳልሆነ ነገረችው። አንቲባዮቲክ ጻፈችለትና "መድኃኒቱ ያስታግስዎታል እንጂ አያድንዎትም። በሚቀጥለው ሳምንት ይምጡ፣ እናወጣቸዋለን" አለችው።

አልሄደም። መድኃኒቱን ሲውጥ እብጠቱ ሟሸሸ፣ እሱም በቃኝ አለ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ፤ ይሄ ደግሞ ሐኪሟን ራሷን ነው የተደበቃት። ሻማ አቅልጦ፣ ሰሙን እያድበለበለ ከሚነቃነቁት ጥርሶች ጀርባ ይለጥፍና ከመታጠቢያ ቤቱ መስታወት ፊት ቆሞ በቀስታ ይነፋል። አጥብቆ መጫኑን ትቶ የትራምፔቱን አፍ ወደ ግራ ገፋ አደረገው። አራቷን ስንኝ ብቻ፣ ሌላ ምንም አይነፋም። ስንኞቹን ሲጨርስ ሰሙን ይተፋና አፉን በጨው ውሃ ይጉመጠመጣል። ዳቦውን ሻይ ውስጥ እየነከረ ይበላል፤ ሥጋ ከተወ ቆይቷል። ጥርሶቹን እንደ እንቁላል ነበር የሚጠብቃቸው።

ከሰዓት ከሰዓት ነጎድጓድ ዘንድ ይሄዳል። የነጎድጓድ ቤት ከአንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሚስቱ በሩን ስትከፍት መጀመሪያ የሚጠይቃት "እንዴት አደረ?" ነው። እሷም "ያው ነው"፣ "ትንሽ ከብዶታል"፣ "ዛሬስ አላማረኝም" ትለዋለች። አንድ ሰሞን እስትንፋሱ እየተቆራረጠ ሰው መለየት እንኳ ተሳነው። ዘመድ ተጠራራ። ጡሩምባው የባንድ ልብሱን አስተኮሰ።

ታዲያ አንድ ቀን ከሰዓት ደረጃውን ወጥቶ ቢያንኳኳ፣ በሩን የከፈተችው ሚስት ፊቷ በርቷል። "ግባ፣ ግባና ጉድ እይ" አለችው። ነጎድጓድ ትራስ ተደግፎ ቁጭ ብሏል። ሾርባ ይጠጣል። የእግሩ እብጠት ቀንሷል፤ ሐኪሙ የቀየረለት መድኃኒት ውሃውን አወጣለት አሉ። "ምን ትገተራለህ፣ ሬዲዮኑን ክፈትልኝ" አለው።

ጡሩምባው ሬዲዮኑን ለመክፈት ዘወር አለ። ዘወር ማለቱም በጀው፤ ፊቱን ቢያዩት ኖሮ ምን ይሉት ነበር? ልቡ ደንግጦ ነበር። የደስታ ድንጋጤ አልነበረም። "ጥርሴ እስከዚያ አይቆይልኝም" ነበር ያለው በልቡ።

ሻይ እንኳ ሳይጠጣ ተነሳ። ደረጃው ላይ ሁለተኛው ፎቅ ሲደርስ ግድግዳውን ይዞ ቆመ። እያንዳንዱ ከሰዓት "እንዴት አደረ?" ሲል ምን ሲጠይቅ እንደከረመ ያን ጊዜ ገባው። ዕድሜ ልኩን አብሮት የኖረውን፣ ሚስቱ ስትሞት አብሮት የተቀመጠውን ሰው "ቶሎ በል" እያለው ነበር። በራሱ አፈረ። ያፈረውን ያህል ደግሞ ማሐላው ነበር፤ ሁለቱም ወዲያና ወዲህ ጎተቱት። ማንም ሳያየው እዚያው ደረጃው ላይ አለቀሰ።

ይህ ከሆነ በኋላ እንኳ ወደ ጥርስ ሐኪሟ አልሄደም። አሁንስ ወግድ ያሰኛል፣ አውቃለሁ። ግን ማሐላ ነዋ። አስቦ አስቦ የደረሰበት ነገር ቢኖር መጸለይ ነበር፤ ለጓደኛው ዕድሜ ለመነ፣ ለጥርሱም ዕድሜ ለመነ፣ ሁለቱን አንድ ላይ ሲለምን ደግሞ እግዜር ምን ይለኝ ይሆን እያለ ተሳቀቀ።

እግዜርም ለጥርሱ አላዳላም። መድኃኒቱ ካለቀ በኋላ ጉንጩ እንደገና አበጠ፤ ከላይ ከንፈሩ እስከ ዓይኑ ሥር ቀላ። ትኩሳት ያዘው። ልጁ ስኳሩን ስትለካው ቁጥሩ አስደነገጣትና "ዛሬውኑ ሐኪም ቤት" አለች። "ነጎድጓድን ጠይቄው ልምጣ" አላት። አስቸገራት። ተከራክራ ተከራክራ፣ ሲያቅታት ደግፋው ሄደች።

ነጎድጓድ ገና ከበሩ ሲያየው ሬዲዮኑን ዘጋ።

"ና ወዲህ። አፍህን ክፈት።"

"ተወኝ፣ ብርድ ነው።"

"ክፈት አልኩህ።"

ከፈተ። ነጎድጓድ እንደዚያ እንደ ጥንቱ አሠልጣኝ ከንፈሩን በአውራ ጣቱ ገለጥ አድርጎ አየና እጁን ሰበሰበ። "አንተ ሰው፣ እኔ ሳልሞት አፍህ ሞቷል" አለው። ከዚያ የጡሩምባውን ልጅ ጠየቃት። እሷም የምታውቀውን ነገረችው፤ ክሊኒክ እንደሄደ መድኃኒቱን አይታ እንደደረሰችበት፣ ይውጣ እንዳሉት፣ አባቷ ግን ጥርሱን ለምን እንዳልለቀቀ እንዳልገባት ነገረችው።

ነጎድጓድ ግን ገባው። ለሌላ ለማን ይገባው ኖሯል?

"እኔን ነው የምትጠብቀው" አለ።

ጡሩምባው አፉን በእጁ ሸፈነ።

"በየቀኑ የምትመጣው እሱን ልታይ ነው? ደረሰ አልደረሰም ብለህ?"

"አዎ" አለ ጡሩምባው። ሊዋሽ ይችል ነበር፤ ጓደኛው ላይ ግን መዋሸት አልቻለበትም። "በልቤ እንዲያ ሆኖብኛል። ሲሻልህ ደነገጥኩ። በራሴ አፍሬያለሁ።"

ነጎድጓድ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከፍቶታል፤ እንዴት አይከፋው። የሰው ልጅ የቱንም ያህል ለሞቱ ቢሰናዳ፣ ወዳጁ በር ላይ ቆሞ ሲጠብቀው ማወቅ ይመራል። ሚስቱ ወጥ ቤቱ ደጃፍ ላይ፣ የጡሩምባው ልጅም አባቷን ደግፋ ቆመዋል። ነጎድጓድ ፊቱን መለሰና፣ "ያን ማሐላ ያስማልኩህ እኔ ነኝ" አለ። "ስህተቱ ከኔ ነው የጀመረው። ክላርኔቱ ሲቀበር ሳጥኑ ሲጮህ እኔ ተናደድኩ፤ እሱ ሰማ? አልሰማም። የሞተ ሰው ምን ጆሮ አለው? ትራምፔቱ የት ነው?"

"ቤት።"

"ልጄ፣ ሂጂና አምጪልኝ።"

ሚስቱ ነገሩ የገባት ያን ጊዜ ነው። ከደጃፉ ወደ ክፍሉ ገባችና መሐላቸው ቆመች። "በኔ ቤት፣ ሰውዬው በሕይወት እያለ፣ የሙት ጥሪ አይነፋም" አለች። "ሟርት ነው። ደግሞ እሱ መታከም ነው ያለበት።"

"ይታከማል። ጥርሱ ከወጣ ግን አይነፋም፤ ሳይወጣ ከቆየ ደግሞ እሱ ይቀድመኛል። እኔ ልሰማው እፈልጋለሁ፣ ገባሽ? በጆሮዬ። ዕድሜ ልኬን ለሌላው ሲነፋ ከኋላ ቆሜ ከበሮ መታሁ። የራሴን አንድ ጊዜ ልስማው።"

ሚስቱ ብዙ ጊዜ ዓይኑን አየችው።  ሄዳ መስኮቶቹን አንድ በአንድ ዘጋች፣ ጎረቤት እሪ እያለ እንዳይመጣባት።

ልጁ ትራምፔቱን ይዛ ስትመለስ ጡሩምባው ተነሳ። ሰም አልነበረውም። ከንፈሩ ስላበጠ የትራምፔቱን አፍ ማስቀመጫ ቦታ አጥቶ ወዲያ ወዲህ አለ። ሲያገኘው የመጀመሪያዋን ስንኝ ነፋ። ሕመሙ እስከ ዓይኑ ወጣ፤ ድምፁ ግን ቀጥ ብሎ ወጣ። ስንኙ ሲያልቅ ነጎድጓድ በመዳፉ የአልጋውን እንጨት አንድ ጊዜ መታ። ሁለተኛዋን ነፋ። ነጎድጓድ መታ። ሦስተኛዋ ላይ ድምፁ ተሰነጠቀ፣ ደም በአገጩ ወረደ፣ ልጁ ልትይዘው ስትል በእጁ ከለከላት። አራተኛዋን እንደምንም አደረሳት። የመጨረሻዋ ድምፅ ቀጭን ነበረች፣ ግን አልተሰበረችም። ነጎድጓድ ለመጨረሻ ጊዜ መታና እጁን እዚያው እንጨቱ ላይ ተወው። ሚስቱ ፊቷን በሻርፕዋ ሸፍና ታለቅሳለች።

"ሦስተኛው ላይ ቸኩለሃል" አለ ነጎድጓድ።

"አንተ ነህ የተኛኸው" አለ ጡሩምባው፣ በደም በተሞላ አፉ።

"በል ከማሐላዬ ፈትቼሃለሁ። ሂድና ይንቀሉልህ።"

ያንኑ ዕለት ሆስፒታል ገባ። መጀመሪያ ስኳሩን አወረዱለት፤ ከዚያ ሐኪሟ መግል የያዘውን ነቀለች፣ ሌሎቹንም ቀስ በቀስ። ለልጁ ለብቻዋ፣ ጥቂት ቢቆይ ኖሮ ጥርስ የመንቀል ጉዳይ አይሆንም ነበር አለቻት። የቀሩት የመንጋጋ ጥርሶቹ ታጥበው ተጠርገው ቆዩለት፤ በየጊዜው እየሄደ ያስጠርጋል፣ እሱ ራሱ አሁን ለሰፈሩ ሽማግሌ ሁሉ "ድድህ ደምቷል? ሂድ፣ ዕድሜ አይደለም" እያለ ይጨቀጭቃል። ሰው ሠራሹ ጥርስ ሲገባለት ነጎድጓድ አይቶ "እንደ ፒያኖ ተደርድረህ የለ" አለው። ትራምፔቱን አንዴ ሞከረው። አየሩ ፉስ ብሎ ወጣ። ሳጥኑ ውስጥ መልሶ ከተተውና ከዚያ ወዲያ አላወጣውም።

ነጎድጓድ ማንም ያልገመተውን ያህል ቆየ፤ ክረምቱን ተሻገረ፣ በጋውንም አጋመሰ። ጡሩምባው በየከሰዓቱ ይሄዳል፤ "እንዴት አደረ?" ሲል መልሱን የሚፈራው አሁን ነው። በመጨረሻ ነጎድጓድ በእንቅልፉ ሄደ።

ቀብሩ ላይ ባንዱ ተሰለፈ። አዲሱ አለቃ ክላርኔቱ ላይ የሆነውን ሰምቶ ኖሮ፣ ለጥንቃቄ ብሎ ጎበዝ የተባለ ነፊ አቁሟል። ጉድጓዱ አፋፍ ሲደርሱ ነፊው ትራምፔቱን ወደ አፉ አነሳ። ጡሩምባው ከቀባሪው መሐል ወጥቶ ክንዱን ያዘው። የነጎድጓድ ሚስት ራሷን ነቅንቃ አዎ አለች።

አለቃው ጠጋ ብሎ፣ "አባባ፣ ምነው? ጥሪ አይነፋላቸውም?" አለው።

"ተነፍቶለታል።"

"መቼ?"

"በቁሙ" አለ ጡሩምባው። "ሰምቶታል።"